የዘንድሮው የኳስ ወራትና ያልተጠራው ስም
(በተማሮች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን የተሰጠ ንግግር)



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለ ዘንድሮው የውድድር ወራት ጥቂት ቃል እንድናሰማ በጠየቀን ጊዜ፤ ከመካከላችን ደስ ብሎት «እሺ» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ኳስ የሚመታ ሰው ብዙውን ጊዜ አንደበቱ ከእግሩ ይዘገያል ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን እኛን ያዘገየን የአንደበት ድካም አይደለም። የምንነግራችሁ ነገር ስላለን ነው። ይህንም ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከኛ ብትሰሙት ይሻላል ብለን ቆርጠን፤ አሥራ አራታችንም በአንድ ክፍል ተቀምጠን ይህን ወረቀት አብረን ጽፈነዋል። «እኛ» እያልን የምንናገረውም ለማዕረግ ሳይሆን ጥፋቱ የጋራ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን ግን ወራቱ እንዴት እንዳለፈ እንንገራችሁ፤ ከስምንቱ ጨዋታ ሰባቱ የሚያሳፍር ነገር የለባቸውምና።

እንደምታውቁት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከባቢሌና ከዓለማያ የተማሮች ቡድኖች ጋር፤ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ በሜዳችን አንድ ጊዜ በሜዳቸው ለመግጠም ተስማምተን ነበር። ዋንጫው በአምስቱ ቡድኖች መዋጮ የተገዛ ነው። የኮሌጃችን ሜዳ ለሕንፃ መሠረት ስለ ተቆፈረ ግን ከጅጅጋ ወደ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ቶጎጫሌ ላይ ለመጫወት ተገደድን። ከአሥራ አራታችን ስድስታችን የቶጎጫሌ ልጆች ስለ ሆንን፤ የከተማው ሽማግሌዎች ሜዳውን ያለ ኪራይ ሰጡን። እንግዶቻችን ግን እስከ ወራቱ ፍጻሜ ድረስ አልተመቻቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ለእኛም አልተመቸንም።

ቶጎጫሌን ያላየ ሰው ሜዳውን በሐሳቡ መሣል ያስቸግረዋል። በሶማልኛ «ቶግ» ማለት ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚወርድበት ወንዝ ነው። ከተማይቱም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። በዚህኛው ዳር ያለው ሰፈር ኢትዮጵያ፤ በዚያኛው ዳር ያለው ሶማሌላንድ ይባላል። ገበያው ግን አንድ ነው። ከበርበራ ወደብ ሩዝ፣ ፓስታና ልብስ ይመጣል፤ ከዚህ ጫትና ከብት ይሄዳል። የገንዘብ መንዛሪዎች የሽልንጉን ኖት እንደ ጡብ ከምረው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ልጆች ሳለን ኳሳችን አንዳንድ ጊዜ ከመስመር ወጥታ ወደ ቶጉ ትወርድና በማዶ ያሉ ልጆች መልሰው ይመቱልን ነበር። ኳሷ ፓስፖርት አልነበራትም። በነገራችን ላይ የማዶዎቹ ብሔራዊ ቡድን በፊፋም ሆነ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን መዝገብ ውስጥ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአብካዝያ በተደረገው፤ ፊፋ ላልመዘገባቸው ቡድኖች በተዘጋጀው የዓለም ዋንጫ ላይ ግን ተጫውቷል። ይህን የምናነሣው በመዝገብ ላይ ስም መኖርና አለመኖር ለቶጎጫሌ ልጅ አዲስ ጨዋታ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

መሬቱ መረሬ ነው። በጂላል፤ ማለት ዝናብ በሌለበት ወራት፤ የሰው እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ኳስ ስንጥቁ ላይ ስታርፍ ወዴት እንደምትነጥር የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ባቢሌዎችን በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሁለተኛዋ ጎል የተቆጠረችው በስንጥቅ ምክንያት ነው፤ በረኛቸው ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ኳሷ ግን በአንድ ጉድፍ ነጥራ በግራው አለፈች። ለድሬዳዋ በሜዳቸው 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ሙቀቱ ነው ብለን ነበር፤ ኋላ ስናስበው ግን ከኛ የበለጠ ስለ ሮጡ ነው። ድሬዳዋ የኳስ አገር መሆኗን መቼም አትረሱም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን በተደረገ ጊዜም ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የተጋጠሙት እዚያው ነበር። ዓለማያን በሜዳችን 1 ለ 1፤ በሜዳቸው ያለ ጎል ተለያየን። ባቢሌን በሜዳቸው 2 ለ 1 አሸነፍን። ሐረር መጥቶ በጥር ነፋስ ውስጥ 1 ለ 0 አሸነፈን፤ አቧራው የተነሣ እንደ ሆነ መስመር ዳኛው ባንዲራውን ሲያነሣ አይታይም ነበር።

የድሬዳዋው መልስ ጨዋታ ግን ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው። የጉ ዝናብ በዋዜማው ጀመረ። መረሬው ወደ ጭቃ ተለወጠ፤ ያንዳንዱ ታኬታ ጫማ ሁለት ኪሎ የሚመዝን መሰለ። የድሬዳዋ ልጆች የለመዱት አሸዋ ነውና ኳሷን በምድር ሊያንሸራትቱ ሲሞክሩ ኳሷ በጭቃ ተጣብቃ ትቀራለች፤ እነርሱ ግን ይሮጣሉ። እኛ በአየር ብቻ ተጫወትን፤ 3 ለ 1 አሸነፍን። በጭነት መኪኖች ጣራ ላይ የተቀመጡት ጫኝና አውራጆች ጆንያቸውን እያርገበገቡ ሲዘፍኑ ነበር።

ከነዚያ ጫኝና አውራጆች አንዱ የዛሬው ጉዳያችን ነው።

ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው። ከስድስታችን ጋር በአንድ ሰፈር አድጓል። አባቱ ሲሞቱ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ከመኪና ጆንያ ማውረድ ጀመረ። እኛ ትምህርት ቤት ገባን፤ እርሱ ገበያ ገባ። ከሥራ በኋላ ግን ልምምድ ስናደርግ እየመጣ ይጫወት ነበር፤ በግራ እግሩ ኳስ ሲያስቆም ሰው የጣለውን ዕቃ ቀስ ብሎ የሚያነሣ ይመስላል። ከአሥራ አራታችን አንድም እርሱን የሚያህል የለም። ይህን ስንጽፍ የተቃወመ አልነበረም።

ለመጨረሻው ጨዋታ ወደ ሐረር ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን የግራ አጥቂያችን በታይፎይድ ታመመ። ካሸነፍን ዋንጫው የኛ ነው፤ እኩል ከወጣን የሐረር ነው። በዚያ ሌሊት ተሰበሰብን። ማን አስቀድሞ እንደ ተናገረው አናስታውስም፤ ምናልባት ማስታወስ አንፈልግ ይሆናል። የሕመምተኛውን የተማሪ መታወቂያ ወሰድንና ለቶጎጫሌው ልጅ ሰጠነው። መምህራኖቻችን አያውቁም ነበር። ሕመምተኛው ራሱም አያውቅም ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ሰው ሁሉ በየመንገዱ ጀርባውን እየመታ «ጎበዝ!» ሲለው፤ ከታይፎይድ ስለ ዳነ የሚያመሰግኑት መስሎት ነበር።

ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀን። «ወላሎ፤ ይህ ነገር ትክክል ነው?» አለ። «ለአንድ ቀን ነው» አልነው። መልሳችን ይኸው ነበር።

ካራማራን ተሻግረን፤ ፋፈንንና ዳከታን አልፈን፤ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዝተን ሐረር ገባን። ዳኛው መታወቂያዎቹን ተመለከተ። የታመመው ጓደኛችን ፎቶግራፍ በፀሐይ የጠቆረ ስለ ነበር ፊቱን ቀና አድርጎ እንኳ አላየም። ጨዋታው ተጀመረ።

አሁን የምንነግራችሁ ከጎሎቹ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ነገር ነው። ከመስመር ዳር ሆነን የታመመውን ልጅ ስም እየጠራን «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ብንለው አይዞርም። ሁለተኛ ጠራነው፤ አልዞረም። ሦስተኛም ጠራነው። ከሐረር ደጋፊዎች አንዱ «ደንቆሮ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ልጁ አልደነቆረም። ስሙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገባውና ያን ስም በሰማ ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ ይዞር ጀመር። ሁለት ጎል አገባ። ሁለተኛዋን ከማዕዘኑ አጠገብ ሦስት ሰው አልፎ ነው ያገባት። እላዩ ላይ ወድቀን አቅፈነው በአንድ ድምፅ የጮኽነው የሌላ ሰው ስም ነበር። በጩኸቱ መካከል ፊቱን ያየ ከኛ መካከል አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው «እየሳቀ አልነበረም» ብሎ በኋላ ነገረን።

3 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውን ይዘን በሌሊት ቶጎጫሌ ደረስን። እናቱ ሻሂ በወተት አፍልተው ጠበቁን። «ልጄ ጎል አገባ አሉኝ፤ ስሙን በሬዲዮ ይሉታል?» ብለው ጠየቁ። እኛም «ይህ የተማሪ ጨዋታ ነው ኤዶ፤ በሬዲዮ አይነገርም» ብለን ሳቅን። እርሱም አብሮን ሳቀ። በዚያ ቀን ጆንያ ቢያወርድ የሚያገኘውን ሒሳብ እንኳ አልከፈልነውም።

ከዚያ በኋላ ይህች በማባዣ የምትወጣው ጋዜጣችን ወጣች። የጨዋታውን ወሬ የጻፍነው እኛው ነን፤ በሁለቱ ጎሎች ላይ የሰፈረውም የታመመው ጓደኛችን ስም ነው። አንድ ቅጂ በቶጎጫሌ በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ልጁ በሶማልኛ ማንበብ ይችላል፤ የተማረው በላቲን ፊደል ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አይለይም። ስድስተኛ ክፍል የሚማረውን ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ «አንብብልኝ» አለው። ወንድሙ ከላይ እስከ ታች አነበበለትና «ያንተ ስም የለም» አለው። «እንደ ገና አንብብ» አለው። እንደ ገና አነበበ።

ይህን የነገረን ታናሹ ነው። ልጁ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረንም። ልምምድ መምጣቱን ብቻ ተወ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከሐረር ማንም አልከሰሰንም። ዝም ብንል ኖሮ ዋንጫው በቤተ መጻሕፍቱ መስታወት ውስጥ እንዳለ ይኖር ነበር። ነገሩን ስንማከር ከመካከላችን ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንዱ ወገን፤ «ልጁ ከኛ ይበልጣል፤ ተማሪ አልሆነም ተብሎ ከኳስ መከልከሉ ራሱ ግፍ ነው፤ ስለዚህ የሠራነው ግፉን ማቃለል ነው» አለ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ እኛም ለሁለት ቀን ያህል ተደስተንበታል። ሌላው ወገን ግን የካርቱምን ነገር አነሣ።

በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ማሊያ አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። የኛ ቡድንም ከርሷ ጋር ሊጋጠም የነበረ ስለ ሆነ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባለው ነው። (ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በዳኝነት መርቷል፤ አገባብን ብለን ቂም አለመያዛችን ደግ ነው።) እንግዲህ አንዱ ወገን «ሕግ ሰውን ሲያገልል መጣስ አለበት» ሲል ካርቱምን ምስክር አደረገ። ነገር ግን በደንብ ስንመለከተው ምስክርነቱ ለኛ አልሆነም። በካርቱም የነበሩት ሰዎች ሕጉን በጨለማ አልጣሱም፤ በጠረጴዛ ላይ አውጥተው ተከራከሩ። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ተጫዋች ቆዳውን ሊለውጥ አይችልም፤ ለርሱ የተዘጋው በር መቼም አይከፈትም ነበር። የቶጎጫሌው ልጅ ግን በመዝገብ ሊጻፍ ይችላል፤ ያልጻፈው ማን እንደ ሆነ ነው መጠየቅ ያለብን። እኛ ስድስታችን ለስምንት ዓመት በየቀኑ በፊቱ አልፈን ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ ቀን «ና፤ ፊደል እናስቆጥርህ» አላልነውም። ያስታወስነው አጥቂ ስናጣ ነው።

ደግሞም የ1954ን ቡድን አስቡ። በ1949 4 ለ 0፤ በ1951 ካይሮ ላይ እንደ ገና 4 ለ 0 የተሸነፈው ቡድን፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፤ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፤ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ካደረገ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ጎሎቹን ያገቡት በተራ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ በአሥመራ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሰው ነበር፤ ስሙም እንደምትሰሙት የጣልያን ስም ነው። ያን ስሙን ይዞ ተጫወተ፤ በዚያው ስሙም ተጻፈ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ የተወለድንበት ቀን እንኳ ሲጠፋን የርሱ ጎል ስንተኛዋ እንደ ሆነች አይጠፋንም። እኛ ግን በ3 ለ 2 ድል ሁለት ጎል ካገባ ሰው ላይ ስሙን ሰረቅን። ሐረሮችን አንድ ዋንጫ ነው የወሰድንባቸው። ከእርሱ የወሰድነው ይበልጣል።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ስድስታችን ቶጎጫሌ ወርደን ይቅርታ ጠየቅነው። ከአይሱዙ ላይ ሩዝ እያወረደ ነበር፤ ጆንያው እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅን፤ ሁለታችን ረዳነው፤ ሦስተኛው ጆንያ ላይ ወገባችንን ያዝን፤ እርሱም ሳቀብን። ነገሩን በሙሉ በስብሰባ ላይ እንደምንናገር፤ ስሙንም በጋዜጣችን እንደምናወጣ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ፤ «ስሜን በጥፋታችሁ ወረቀት ላይ አትጻፉት። በስሜ የተጫወትሁ ቀን ጻፉት» አለን። ስለዚህ ዛሬ ስሙን አልጠራንላችሁም። እንድትጠይቁንም አንፈልግም።

ፊደል እናስተምርህ ባልነው ጊዜ በጣቱ ቆጠረ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ስምንተኛን ተፈትኖ፤ አሥራ ሁለተኛን ተፈትኖ ኮሌጅ እስኪገባ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሊጠጋ ነው። «እስከዚያ እግሬ አይጠብቀኝም» አለ። ከዚያ ግን «የጭነት ወረቀቱን ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ስንት ጆንያ እንዳወረድሁ ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ» አለን። የኛ ሐሳብ ኮሌጅ ላይ ነበር፤ የርሱ ግን በዚያው ቀን ደመወዙ ላይ ነበር። በርሱ ሐሳብ ተስማማን።

የቡድኑ ውሳኔ ይህ ነው። የሐረሩ ጨዋታ በሕጉ መሠረት 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ይቆጠር ብለን ለአራቱ ቡድኖች ጽፈናል። በዚህም 14 የነበረው ነጥባችን 11 ይሆናል፤ 12 አግብተን 9 ገባብን ያልነውም 9 አግብተን 10 ገባብን ተብሎ ይታረማል፤ ከአንደኛነት ወደ ሦስተኛነት እንወርዳለን። ዋንጫውን በሚመጣው ቅዳሜ አምበላችንና ሁለት ሰዎች ሐረር ወስደው ያስረክባሉ። በታይፎይድ የታመመው ጓደኛችን ሁለቱ ጎሎች ከስሙ ላይ እንዲነሡለት ራሱ በጽሑፍ ጠይቋል፤ በቀልድም «በሕይወቴ ካገባኋቸው ጎሎች ሁሉ የሚበልጡት እነርሱ ነበሩ» ብሏል። የጋዜጣችን አዘጋጆች እርማቱን በአማርኛና በሶማልኛ እንዲያወጡት እንለምናለን፤ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ቅጂ እኛ እናደርሳለን።

ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። በቡድኑ ሣጥን ውስጥ ለአዲስ ማሊያ የተጠራቀመ 3,400 ብር አለ። በዚህ ገንዘብ መጽሐፍ፣ ሰሌዳና የባትሪ መብራት ገዝተን፤ ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ስድስታችን በቶጎጫሌ ከመግሪብ በኋላ ለጫኝና አውራጆች ፊደልና ሒሳብ ለማስተማር አስበናል። እስካሁን አሥራ አንድ ሰዎች ስማቸውን ሰጥተውናል፤ እርሱም ከነርሱ አንዱ ነው። ገንዘቡ ግን የማኅበሩ እንጂ የኛ አይደለም፤ ማሊያውም ከሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ይህን ከግምት አግቡት። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ለመስማት ዝግጁ ነን። የሚደግፍ እጁን ያንሣ፤ ጸሐፊው ይቆጥራል።